ከኮምፒውተር ወደ ሳሎኑ ስቴሪዮ፦ ድምፅ ያለ ገመድ ሲላክ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በብዙ ቤት ቡፌ ላይ የተቀመጠው ስቴሪዮ ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ካሴት ቀርቷል፣ ሲዲ የሚገዛ ጠፍቷል፣ ሬዲዮውንም ሁሉም በየስልኩ ያዳምጣል። ስፒከሮቹ ግን ዛሬ ገበያውን ከሞሉት ባለመብራት የፕላስቲክ ሣጥኖች አብዛኞቹን ያስንቃሉ። ሙዚቃው ያለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ እሱም ጥፍር በሚያህሉ ስፒከሮቹ ያንሾካሹካል። ሁለቱን ያለ ገመድ ማገናኘት ከባድ ሥራ አይደለም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። እንዲያም ሆኖ የሞከሩት ብዙዎች በሳምንቱ ይተዉታል። ይቆራረጣል፣ ይሻክራል፣ ከሥዕሉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እምምም ይላል።

ወቀሳው ሁልጊዜ የሚያርፈው ብሉቱዙ ወይም ዋይፋዩ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ አየሩ ድምፁን በደህና አድርሷል፤ ችግሩ ያለው ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ምርጫ ላይ ወይ ከስቴሪዮው ጀርባ ነው። ለዚህም ነው ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የሚታረሙት።

ገመድ በሚበቃበት ቦታ ገመድ አልባ መፈለግ

ኮምፒውተሩ ከስቴሪዮው አጠገብ ከሆነና ከዚያ የማይነሣ ከሆነ ቀሪውን ማንበብ አያስፈልግም። በአንድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ በሌላው ቀይና ነጭ መሰኪያ ያለው ገመድ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። አይዘገይም፣ አይቆራረጥም፣ ባትሪው አያልቅም። ርዝመቱ ጥቂት ሜትር እስከሆነ ድረስ በጆሮ የሚለይ ጉድለት አያመጣም። ገመድ አልባው የሚጠቅመው ላፕቶፑን ይዞ ከሶፋ ወደ ጠረጴዛ ለሚንቀሳቀስ ሰው ወይም በሳሎኑ መሃል የተጎተተ ገመድ ማየት ለማይፈልግ ነው።

ተቀባይ መግዛት ሲገባ ላኪ ገዝቶ መምጣት

ኪስ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ኮምፒውተሩ መላክ፣ ስቴሪዮው መቀበል አለበት። አሁን ያሉ ላፕቶፖች ብሉቱዝ በውስጣቸው ስላላቸው ባለላፕቶፕ የሚያስፈልገው ለስቴሪዮው የሚሆን ተቀባይ ብቻ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ዕቃ ይፈልጋል፤ አንድ ለኮምፒውተሩ፣ አንድ ለስቴሪዮው።

ችግሩ ገበያ ላይ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች መንታ መስለው መቀመጣቸው ነው። አንደኛው ጥፍር የምታህል፣ ዩኤስቢ ላይ ተሰክታ ለኮምፒውተሩ ብሉቱዝ የምትሰጥ ናት። ሁለተኛው ፍላሽ የሚያህል፣ በአንድ ጎኑ የዩኤስቢ መሰኪያ፣ በሌላው ጎኑ የጃክ ቀዳዳ ያለው ነው። ይኼኛው ተቀባይ ነው፤ ከዩኤስቢው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ዕቃ መሰካቱን እንኳ አያውቅም። ሦስተኛው የቴሌቪዥንን ድምፅ ወደ ጆሮ ማዳመጫ እንዲልክ የተሠራ ላኪ ነው፤ ቀዳዳው ልክ እንደ ሁለተኛው ስለሆነ ስቴሪዮው ላይ ይሰካል፣ ጠብ የሚል ድምፅ ግን የለም። በሦስቱም ማሸጊያ ላይ በትልቁ የተጻፈው ብሉቱዝ የሚለው ቃል ነው፤ ሥራውን የሚለየው ጽሑፍ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ይገኛል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ ሻጩን «ብሉቱዝ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ መኖሩማ አለ። ጥያቄው «ይህ ዕቃ ድምፅ ይቀበላል ወይስ ይልካል?» ነው። መልሱንም ሳያምኑ እዚያው ያስሞክሩ። ዕቃው ኤሌክትሪክ ያግኝ፣ ሻጩ የጆሮ ማዳመጫ ጃኩ ላይ ይሰካበት፣ እርስዎ በስልክዎ ብሉቱዝ ፈልገው ያገናኙትና ዘፈን ይክፈቱ። ከጆሮ ማዳመጫው ዘፈን ከተሰማ ተቀባይ ነው። ሁለቱንም የሚሠሩ ዕቃዎችም አሉ፤ በጎናቸው ባለች ትንሽ ማብሪያ አጠገብ ቲኤክስ እና አርኤክስ የሚሉ ፊደላት ይታያሉ። ቲኤክስ መላክ፣ አርኤክስ መቀበል ነው፤ ለስቴሪዮ የሚፈለገው አርኤክስ ነው።

ተቀባዩን ፎኖ በሚለው ቀዳዳ መሰካት

ከስቴሪዮው ጀርባ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ኦክስ፣ ሲዲ፣ ቴፕ፣ ፎኖ የሚሉ ጽሑፎች አሉ። ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። ሸክላ የሚያጫውት ቤት ስለተመናመነ ቀዳዳው ባዶውን ይኖራል፤ ባዶ ስለሆነም እዚያው መሰካት ያጓጓል። የሚሰማው ድምፅ ሻካራ፣ በወፍራሙ የተዋጠ፣ ቀጭኑ የጠፋበት ይሆናል፤ ባለቤቱም «ብሉቱዝ ጥራት የለውም» ብሎ ይደመድማል።

የሸክላ መርፌ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ የፎኖ መግቢያ ድምፁን ወደ ቀጣዩ ክፍል ከማሳለፉ በፊት መቶ እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት መስመር እየሰፋ አንዱ ገጽ የሚይዘው ሙዚቃ ያንስ ነበርና። ቅነሳውና ጭማሪው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አርአይኤኤ በሚባል አንድ ወጥ መለኪያ ይሠራል። የፎኖ መግቢያ ይህንኑ መልሶ ይገለብጠዋል፤ ከመካከለኛው ድምፅ ጋር ሲነጻጸር 20 ኸርዝ (በሴኮንድ 20 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ዴሲቤል በተባለው የድምፅ ጉልበት መለኪያ፣ ወደ 20 ዴሲቤል ይጨምረዋል፣ 20 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ያንኑ ያህል ይቀንሰዋል። ከብሉቱዝ ተቀባይ የሚመጣው ድምፅ ግን አስቀድሞ የተስተካከለ ነው፤ ጉልበቱም ከሸክላ መርፌ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። እዚያ ሲገባ ሁለት ጊዜ ይበላሻል።

ትክክለኛዎቹ ቀዳዳዎች ኦክስ፣ ሲዲ፣ ላይን ኢን ወይም ቴፕ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ በመካከላቸው ልዩነት የለም። ቴፕ ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ጥንድ ቀዳዳ ስላለው አንዱ ጥንድ ወደ ካሴት መቅጃው የሚወጣ፣ ሌላው ከካሴቱ የሚገባ ነው፤ የእኛ ፕሌይ ወይም ኢን የሚለው ነው። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች (ድምፁን አጉልተው ለስፒከሮቹ የሚሰጡ የስቴሪዮው ክፍሎች) ላይ ከፊት ለፊት ቴፕ ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካልተጫነ ድምፁ አይወጣም። ቆየት ያሉ የአውሮፓ ስቴሪዮዎች ደግሞ በቀይና ነጩ ፋንታ አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት አላቸው። ዲን ይባላል። ከክቡ ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይረው ገመድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለማስገባት የተሠራና ለመቅዳት የተሠራ። የተሳሳተው ከተገዛ ስቴሪዮው ዝም ይላል እንጂ አይበላሽም።

ኮምፒውተሩ ስቴሪዮውን እንደ ስልክ እንዲያየው መተው

ሙዚቃው ጥሩ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ይቀጥናል፣ የግራና የቀኝ ልዩነቱ ይጠፋል፣ የማሲንቆው ሻካራ ጠርዝ ተላጭቶ ይቀራል። እኔን ከሚጠይቁኝ ሰዎች እንደዚህ ችግር ያስመረረ የለም፤ ዕቃውን ለውጠውም ስለሚመለስ ይገርማቸዋል።

ብሉቱዝ ድምፅን የሚያጓጉዝበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለሙዚቃ የተሠራ፣ ግራና ቀኝ የተለየበት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ሃንድስ ፍሪ የሚባለው የስልክ መነጋገሪያው ነው። ድምፅ እየላከ የማይክሮፎን ድምፅም ስለሚያመጣ ቦታ ለመቆጠብ ሁለቱንም ያጠብባቸዋል። በጥንቱ አሠራር ድምፁ በሴኮንድ የሚለካው 8,000 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለ ነገር በሙሉ ይቆረጣል ማለት ነው። አዲሱ አሠራር ይህን በእጥፍ አሳድጎታል፤ ለንግግር በቂ ነው፣ ለሙዚቃ አይሆንም።

ርካሽ ተቀባዮች አብዛኞቹ ለመኪናም እንዲያገለግሉ ተብለው ስለሚሠሩ ትንሽ ማይክሮፎን አላቸው። ዊንዶውስ 10 ይህን ሲያይ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይመዘግበዋል፤ አንዱ ስም አጠገብ ስቴሪዮ፣ ሌላው አጠገብ ሃንድስ ፍሪ ይላል። ስቴሪዮ የሚለውን ይምረጡ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ዙም፣ ጉግል ሚት ወይም የቴሌግራም ጥሪ የተቀባዩን ማይክሮፎን ከከፈተ መስመሩ ወደ ስልኩ ይዞራል፤ ስብሰባው አልቆ መስኮቱ ሳይዘጋ ከቀረ ሙዚቃውም እንደቀጠነ ይቀራል። በዊንዶውስ 11 ሁለቱ ስሞች አንድ ቢሆኑም ጠባዩ ያው ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። በመነጋገሪያው ፕሮግራም ውስጥ ማይክሮፎን በሚለው ምርጫ የላፕቶፑን የራሱን ማይክሮፎን ይምረጡ። ከዚያ በዊንዶውስ 10 ኮንትሮል ፓነል ዲቫይሰስ ኤንድ ፕሪንተርስ የሚለው ውስጥ የተቀባዩን ሰርቪስስ ከፍተው ሃንድስ ፍሪ ቴሌፎኒ ፊት ያለውን ምልክት ያንሡ። ስቴሪዮው ዳግመኛ ስልክ ልሁን አይልም።

የድምፁን ከፍታ በተሳሳተው ጫፍ መቆጣጠር

በዚህ መንገድ ላይ የድምፅ መጨመሪያዎች ተደራርበዋል፤ የማጫወቻው፣ የዊንዶውሱ፣ አንዳንዴ የተቀባዩ፣ በመጨረሻም የአምፕሊፋየሩ። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ዝቅ አድርጎ አምፕሊፋየሩን ይጠመዝዛል። እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ የሚልከው ሙዚቃ ደካማ ስለሚሆን የራሱ ሽሽታ (ሽሽሽ የሚለው ድምፅ) አብሮ ይጎላል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ከ100 በመቶ በላይ ስለሚፈቅድ እስከ ጥግ ይወስደዋል፣ የላፕቶፑን የድምፅ ማሻሻያም ያበራል፣ ከዚያ «ስፒከሬ ተቀደደ» ይላል። አልተቀደደም፤ ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ ጫፉ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የትኛውም አምፕሊፋየር አይመልሰውም።

ማጫወቻው 100 ላይ፣ ዊንዶውስ ከ80 እስከ 100 ባለው መካከል ይሁን፤ መጨመርና መቀነሱን ለአምፕሊፋየሩ ይተዉት። ከመክፈትዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ወደ ታች ማዞር ይልመድብዎ። የዊንዶውስ ማስታወቂያ ድምፆችንም በሳውንድ ማስተካከያ ውስጥ ኖ ሳውንድስ ላይ ያድርጓቸው፤ ኢሜይል በገባ ቁጥር በትልቅ ስፒከር «ዲንግ» ሲል የሚተኛ ልጅ ያለበት ቤት ያውቀዋል።

ተቀባዩን ቡፌው ውስጥ መቅበር

የብሉቱዝ ተቀባይ መልኩ ስለማያምር ከስቴሪዮው ጀርባ ይወረወራል። ከፊቱ የአምፕሊፋየሩ ብረት፣ ከኋላው ግድግዳ፣ ብዙ ጊዜም የቡፌው መስታወት አለ። መስታወት ከጀርባው በብረት የተቀባ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲመታው ይመለሳል። አብዛኞቹ ተቀባዮች የሚታሰብላቸው ርቀት በገላጣ ቦታ 10 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ ከሶፋው ጋር እንኳ መነጋገር ያቅታቸዋል። የሰው አካልም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገዱን ይመጠዋል። እንግዳ ሳሎኑን ሲሞላ ሙዚቃው መቆራረጥ የሚጀምረው ለዚህ ነው። የጃኩን ገመድ ግማሽ ሜትር አስረዝሞ ተቀባዩን ወደ ቡፌው ጫፍ ማውጣት ይበቃል።

ላኪው በኩልም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ብዙ ዋይፋይ፣ ገመድ አልባ ማውስና ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ናቸው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ባላጋራ ዩኤስቢ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንቴል ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ በዚሁ ሞገድ ላይ ጫጫታ ይረጫል። ስለዚህ ከውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲገለብጡ፣ አጠገቡ የተሰካችው የብሉቱዝ ጥፍር ትደነቁራለች። ከኮምፒውተሩ ሌላ ጎን ይሰኳት ወይም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ራቅ ያድርጓት። ራውተሩም ከተቀባዩ አንድ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ላፕቶፑ 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበል ከሆነ ዋይፋዩን በእሱ ያገናኙት፤ 2.4ቱ ለብሉቱዝ ይለቀቃል።

ከቡፌው ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። ስቴሪዮው ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል የሬዲዮ ሞገድ አያግድም፣ ሙቀት ግን ያፍናል። የአምፕሊፋየር ክዳን የተበሳው የሞቀ አየር እንዲወጣ ነው። ድሮ ስቴሪዮው ለእንግዳ ሲከፈት ለአንድ ሰዓት ስለነበር ዳንቴሉ አልጎዳም፤ አሁን ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ግን ይጎዳዋል። የእናት እጅ ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ ስፒከሮቹ አናት ላይ ይነጠፍ።

ዋይፋይ ሙዚቃ ፓኬጅ ይበላል ብሎ መሸሽ

ርቀት ላለው ቤትና ለድምፅ ጥራት ዋይፋይ ከብሉቱዝ ይሻላል፤ ስቴሪዮው ላይ የሚሰካው ግን በዋይፋይ የሚቀበል ዕቃ ነው። ብዙዎች የሚሸሹት ኢንተርኔት ይጨርሳል ብለው ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ዘፈን በራውተሩ በኩል ወደ ስቴሪዮው ሲሄድ ከቤት አይወጣም፤ ፓኬጁ ቢያልቅም፣ መስመሩ ቢቋረጥም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይጫወታል። የሚቆጥረው ከዩቲዩብ የሚመጣው ነው፤ እሱም በላፕቶፑ ስፒከር ቢያዳምጡት ያው ነበር። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሴኮንድ 1.4 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ለቤት ዋይፋይ ምኑም አይደለም።

እውነተኛው መሰናክል ሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ በራውተሩ፣ ተቀባዩ በስልክ ሆትስፖት ከተገናኙ አይተያዩም። ራውተሩ ለእንግዳ የከፈተው መስመር ላይ ያለ ዕቃም ሌሎቹን እንዳያይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቪፒኤን ክፍት ከሆነ ኮምፒውተሩ ጎረቤቱን ትቶ ወደ ውጭ አገር ይመለከታል። ዊንዶውስ ደግሞ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ፐብሊክ ብሎ ይመዘግበዋል፤ በካፌ ውስጥ ያለ መስሎት ራሱን ይደብቃል። የቤትዎን ዋይፋይ ፕራይቬት ወደሚለው ቀይሩት። «ተቀባዩ አይታይም» ከሚሉ ሰዎች ስንቱ በዚህች አንዲት ምርጫ እንደሚድን ያስገርማል።

ሌላው የሚዘነጋው፣ ሁሉም መንገድ ሁሉንም ድምፅ አለመላኩ ነው። ዲኤልኤንኤ የተባለው ሥርዓት የሚልከው ፋይል ነው፤ የድምፅ ፋይሉን ይሰጣል፣ ብራውዘሩ ላይ የሚጫወተውን ግን አያውቅም። የአፕል ኤርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤርቲዩንስ ተብሎ ተጀምሮ በ2010 ስሙን የቀየረ ነው፤ ከማክ ኮምፒውተር ሁሉንም ድምፅ ይልካል፤ በዊንዶውስ ውስጥ ግን አብሮ አልተሠራም። ክሮም ብራውዘር የከፈቱትን አንድ ገጽ ድምፅ ክሮምካስት የተባለው የጉግል መቀበያ ወዳለው ዕቃ ይልካል። የምታዳምጡት ሬዲዮ፣ ዩቲዩብና የራሳችሁ ፋይል ሁሉ ተደባልቆ ከሆነና ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከሆነ፣ ሳያወላዱ ብሉቱዝ ይሻላል።

ያገለገለ ክሮምካስት ኦዲዮ፣ ማለትም ስቴሪዮ ላይ የሚሰካው የጉግል የዋይፋይ ተቀባይ፣ በርካሽ ሲቀርብ ማጓጓቱ አይቀርም፤ ደግሞም በጊዜው ግሩም ዕቃ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣው፣ በ2019 መጀመሪያ ላይ ማምረቱን እንዳቆመ አስታወቀ። በማርች 2025 በውስጡ ያለው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎ በዓለም ዙሪያ ለቀናት ሥራ አቆመ። ጉግል አስተካከለው፤ ተበላሸ ብለው ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው የመለሱት ግን ተጨማሪ ጣጣ ገጠማቸው። በአምራቹ ኮምፒውተር ፈቃድ የሚሠራ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን ማሰብ ነው። እጁ ሥራ የሚወድ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ በተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በኤርፕሌይ የሚላከውን የሚቀበል ሻየርፖርት ሲንክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ የራሱን ተቀባይ መሥራት ይችላል፤ የራሷ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን፣ ካላትም፣ ደካማ ስለሆነ የድምፅ ካርድ ይጨምርባት።

ኤፍኤም ማሰራጫን የመጀመሪያ ምርጫ ማድረግ

ኦክስ የሌለው፣ ሬዲዮ ብቻ ያለው ስቴሪዮ ከሆነ ኤፍኤም ማሰራጫ ይሠራል። ሌላ አማራጭ ካለ ግን አይጀምሩት። ኤፍኤም ከ15 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያሳልፍም፣ ሽሽታም አያጣውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ 96.3፣ 97.1፣ 98.1፣ 102.1፣ 105.3 እያለ መስመሩ ተይዟል። ግድ ከሆነ ሁሉም ጣቢያዎች ሥርጭት ላይ ባሉበት ሰዓት መደወያውን አዙረው ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ፣ ከጎረቤት ጣቢያም ቢያንስ 0.4 ያህል ይራቁ። የእርስዎን ዘፈን የጎረቤት ሬዲዮም ሊይዘው እንደሚችል አይርሱ።

ፊልም ሲያዩ መዘግየቱን አለማስተካከል

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እስኪፈታ ድረስ ከአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ኤርፕሌይ እስከ ሁለት ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። ለሙዚቃ ግድ የለም። ለፊልም ግን ከንፈሩ ከቀደመ ተመልካች ይበሳጫል። ቪኤልሲ ላይ በእንግሊዝኛው ሰሌዳ ጄ የተባለውን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊ ሴኮንድ ይቀድማል፤ ኬ ደግሞ ያዘገየዋል። አፍ ከቃል እስኪገጥም ጄን ይጫኑ። ለኮምፒውተር ጨዋታና ሙዚቃ መሣሪያ በኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው ግን ማስተካከያ የለውም፤ ወደ ገመዱ ይመለስ።

እምምም የሚለውን ድምፅ በአየሩ ላይ ማላከክ

ሙዚቃ ቆሞም የማይጠፋ እምምም ካለ ሞገዱ አይደለም። ምንጩ ኤሌክትሪኩ ነው፤ በእኛ አገር መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ወፍራም ሆኖ ይሰማል። ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ ለተቀባዩ የተሰጠው ርካሽ ቻርጀር ነው። ማረጋገጫው ነፃ ነው፦ ተቀባዩን ከቻርጀሩ ነቅለው በፓወር ባንክ ያሠሩት። ድምፁ ከጠፋ ቻርጀሩን ይቀይሩ ወይም በጃኩ መስመር ላይ የሚገባውን ትንሽ መነጠያ ትራንስፎርመር ይግዙ። ካልጠፋ የጃኩ ገመድ ላልቶ ወይም የስቴሪዮው መሰኪያ ዝጎ ይሆናል፤ በእጅ ሲነኩት የሚለወጥ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ኮምፒውተሩ ለማያውቀው ኮዴክ መክፈል

ኮዴክ ብሉቱዝ ድምፁን የሚጨምቅበትና የሚፈታበት ዘዴ ነው። ማሸጊያው ላይ ኤልዳክ የሚል ማኅተም ያለበት ተቀባይ ዋጋው ይጨምራል። ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት በሴኮንድ ይልካል፤ ሁሉም ብሉቱዝ የሚያውቀው ኤስቢሲ ግን 328 አካባቢ ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ የሚገኘው ግን ሁለቱም ጫፎች ቋንቋውን ሲያውቁ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከስምንተኛው ስሪት ጀምሮ ያውቀዋል፣ ዊንዶውስ ግን በራሱ አይልክም። ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ጋር የተገናኘ ባለማኅተም ተቀባይ ወደ ኤስቢሲ ወይም ወደ ኤኤሲ ይወርዳል። ከካሴት ተገልብጦ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ዘፈን ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ደካማው ቦታ ካሴቱ ነው።

ከአሜሪካ የመጣን አምፕሊፋየር እንደመጣ መሰካት

ከገመድ አልባው ጋር የማይገናኝ ቢመስልም ከውጭ ዘመድ በላከው ስቴሪዮ ይህን ሥራ የሚጀምር ብዙ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ብሉቱዝ ተቀባዩን የሚያሠራው ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ስለተጻፈበት ያለችግር ይሰካል፤ ሰውም አምፕሊፋየሩ እንደዚያው ይመስለዋል። ጀርባው ላይ 120 ብቻ ካለ አይሰኩት፤ ከዋቱ በላይ አቅም ያለው መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ቆየት ያሉ አንዳንድ ስቴሪዮዎች ጀርባቸው ላይ 110 እና 220 የሚል መቀያየሪያ አላቸው፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡትም ቢሆኑ ይህን ማየት አይጎዳም። መብራት ሲጠፋም አምፕሊፋየሩን በራሱ ማብሪያ ያጥፉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ተቀባዩንም አምፕሊፋየሩንም ይመታል።

ተቀባዩን ለጎረቤት ክፍት መተው

ርካሽ ተቀባይ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ካለውም ብዙ ጊዜ 0000 ነው። ኮምፒውተርዎን ሲያጠፉ ወዲያው አዲስ ጌታ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከላይም ከታችም ከጎንም በ10 ሜትር ውስጥ የሚገኝ ስልክ ብዙ ነው፤ የጎረቤት ልጅ የራሱን ስፒከር እየፈለገ የእርስዎን ይነካል፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሳሎንዎ ውስጥ የማያውቁት ዘፈን ይፈነዳል። ሲገዙ በሞባይል መተግበሪያ ስሙን ለመቀየርና ለአዳዲስ ስልኮች ለመደበቅ የሚያስችለውን ይምረጡ። የያዙት ይህን የማይችል ከሆነ ቻርጀሩን ማብሪያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰክተው ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብረው ያጥፉት።